የጠየቅሽኝ ስለ ቁጣው ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን ንግግሩ ነው

የተላከው ጥያቄ ሲያጥር ይህን ይመስላል፦

«ልጄ 2 ዓመት ከ7 ወሩ ነው። እህቱ ከተወለደች ሦስት ወር ሆናት፤ ከዚያ ወዲህ ልጁ ተቀይሮብኛል። ትንሽ ነገር ከከለከልኩት መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ይናከሳል፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ያጋጫል። አንድ ቀን እንዲያውም ሲያለቅስ ትንፋሹ ቆሞ ከንፈሩ ጠቆረብኝ። ፖፖ ላይ መቀመጥ ለምዶ ነበር፣ አሁን ልብሱ ላይ ይሸናል። እናቴ ‹ቁንጥጫ ነው የጎደለው› ትላለች። ባለቤቴ ስልክ ሲሰጠው ዝም ስለሚል ቶሎ ስልኩን ያቀብለዋል። እኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ እገባለሁ። ሞልቃቃ አድርጌው ይሆን? አንዳንዴ አብሬው አለቅሳለሁ። ንግግር ላይም ትንሽ ዘግየት ብሏል፤ ሠላሳ ቃል ቢኖረው ነው፣ ገና አያገናኝም። ግን ወንድ ልጅ ይዘገያል ይባላል፤ አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው።»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ።

ጥያቄሽን ሳነብ አብዛኛውን በእርጋታ ነው ያለፍኩት። መንከባለል፣ መናከስ፣ ልብስ ላይ መሽናት፤ እነዚህ በዚህ ዕድሜ፣ ያውም ቤት ውስጥ አራስ ልጅ ከገባች በኋላ፣ የሚጠበቁ ናቸው። የቆምኩት መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት ነገር ላይ ነው። ሠላሳ ቃል፣ ገና አያገናኝም። አንቺ የፈራሽው ቁጣውን ነው፤ እኔ ቁጣውን ለቀቅ አድርጌ ንግግሩን ጠበቅ አደርጋለሁ። ሁለቱ የማይገናኙ እንዳይመስልሽ ግን። ቃል ያጠረው ልጅ በጥርሱ ይናገራል።

በቁጣው እንጀምር።

ልጅሽ ሞልቃቃ አልሆነም። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ የሚፈልገውን በደንብ ያውቃል፤ የፈለገውን ሲያጣ የሚመጣበትን ስሜት መያዝ ግን አይችልም። ስሜትን የሚገታው ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው፣ እሱ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው፤ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ይፈጃል። ስለዚህ «ዝም በል!» ሲባል እንቢ እያለሽ አይደለም፣ አቅሙ የለውም። ለጊዜው የሚረጋጋው ባንቺ ነው። ድምፅሽ ሲወርድ፣ ትንፋሽሽ ሲሰክን፣ ገላሽ ሲጠጋው። ዛሬ በሰው እየተረጋጋ ነው ኋላ ብቻውን መረጋጋት የሚለምደው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ብዙ ወላጅ ልብ አይለውም። እልህ በያዘው ልጅ ውስጥ ሁለት ስሜት አለ፤ ንዴትና ሐዘን። ንዴቱ ቶሎ ይጋጋላል፣ ቶሎም ይወርዳል፤ ጩኸቱ፣ መራገጡ፣ ዕቃ መወርወሩ የንዴቱ ነው። ሐዘኑ ከሥር ይቆይና ንዴቱ ሲያልፍ ይወጣል። ያኔ ለቅሶው ይለሰልሳል፣ ሰውነቱ ይላላል፣ ፊቱን ወደ አንቺ ይመልሳል። በንዴቱ ሰዓት ልታቅፊው ብትሞክሪ ይገፈትርሻል፣ ብታስረጂው አይሰማሽም፣ ብትጮሂበት ይብስበታል። ለቅሶው እስኪቀየር ጠብቂ። አብዛኛው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፤ ላንቺ ግማሽ ቀን ቢመስልሽም።

በተግባር እንየው። ሱቅ በር ላይ ከረሜላ ከለከልሽውና አስፋልቱ ዳር ተዘረጋ እንበል። መጀመሪያ አንስተሽ መኪና ከማይደርስበት ጥግ አድርጊው፤ ይህ ቅጣት አይደለም። ከዚያ ቁጢጥ ብለሽ ቁመትሽን ከሱ አስተካክይ። አንድ አጭር ነገር ንገሪው፤ «ከረሜላ ፈልገህ ነበር። ዛሬ የለም። ተናደድክ።» በቃ። ከዚያ ዝም ብለሽ አጠገቡ ሁኚ። ባለሱቁ «ምናለ፣ እኔ ልስጠው» ይላል። አንዷ አላፊ አግዳሚ «ወይ የዘንድሮ ልጆች!» ትላለች። ሌላው «ፖሊስ ይወስድሃል» ይለዋል። አትመልሺላቸው። ለቅሶው ሲለሰልስ እጅሽን ዘርጊ፣ ይመጣል። ከረሜላውን ግን አትግዢለት፤ ካለቀሰ በኋላ ከተገዛለት በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያው ነው የሚጀምረው። ምክርም አትደርድሪ። የሁለት ዓመት ልጅ በስብከት አይለወጥም፤ ሺህ ጊዜ በሚያየው ነገር ነው የሚለወጥ።

ሲናከስ በእጅሽ አስቁሚው። «መንከስ የለም፤ ያማል» በይና ፊትሽን ወደ ተነከሰው ሰው አዙሪ፤ ተነካሹ ይጽናና፣ ነካሹ ይጠብቅ። ሕፃኗን ግን ለደቂቃም ብትሆን ከሱ ጋር ብቻዋን አትተያት። ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ጉልበቱን ስለማያውቅ ነው። ጭንቅላቱን ሲያጋጭ ትራስ አስገቢለት ወይም ከግድግዳው ሳብ አድርጊው፣ ነገሩን ግን አታግንኚው። እልሁ በተደጋጋሚ ከ25 ደቂቃ የሚያልፍ ከሆነ፣ ወይም ራሱን እስኪያቆስል የሚደርስ ከሆነ፣ ያኔ ባለሙያ ይየው።

ትንፋሹ የቆመው ነገር እንዳስደነገጠሽ ይገባኛል። ከስድስት ወር እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚታይ ነው። ልጁ አልቅሶ አልቅሶ አየር ያወጣና መልሶ ሳይስብ ይቀራል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ራሱን ይስታል፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ራሱ ይተነፍሳል። ሆን ብሎ የሚያደርገው አይደለም። ያኔ በጎኑ አስተኚው፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቺ፣ አትነቅንቂው፣ ውሃም አትድፊበት። ከዚያ ደግሞ ደሙን አስመርምሪው። የአይረን ማነስ ያለባቸው ልጆች ላይ ይህ ነገር ይበዛል፣ አይረኑ ሲስተካከል ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። በነገራችን ላይ እኛ ቤት ልጅ ቁርሱ ሻይ በዳቦ ነው፤ ሻይ ደግሞ ከምግብ የሚገኘውን አይረን ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። ሻዩን አስቀሪው። ሳያለቅስ ድንገት ከወደቀ ወይም ከረጅም ጊዜ መንቀጥቀጥ ጋር ከመጣ ግን የተለየ ነገር ነውና ቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።

ወደ እናትሽ ልምጣ። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ብለው ያሳደጉን ሰዎች ክፋት አልነበረባቸውም። ግን ቁንጥጫ ልጁን ዝም የሚያሰኘው ስለገባው አይደለም፣ ስለፈራ ነው። የፈራ ልጅ አይማርም፤ ከቆነጠጠው ሰው መሸሽን ወይም መዋሸትን ይማራል። በዚያ ላይ ልጅሽ አሁን ያለበት ጭንቀት «እናቴን አጣኋት» የሚል ነው፤ ስትቆነጥጪው ይኸው አልተሳሳትኩም ይላል። ማስፈራሪያውም እንደዚሁ ነው። «ጅብ ይበላሃል» የተባለ ልጅ ማታ አልተኛም ይላል፤ «መርፌ አስወጋሃለሁ» የተባለ ልጅ ጤና ጣቢያ በር ላይ ሲደርስ እሪ ይላል፤ ኋላ እንዴት ጆሮውን አስመርምሪው ልበልሽ? ይህን ለእናትሽ ስትነግሪያት እንደ አስተማሪ አትንገሪያት። «እማዬ፣ ሐኪሙ ይህችን ለጊዜው ተዉ ብሎኛል» በያት፣ በእኔ አሳብቢ። ከእሷ የምፈልገው ትልቅ ሥራ ስላለ ደግሞ ወደ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን እህቱ። አስቢው እስቲ፤ አንድ ጠዋት እናቱ ጠፋች፣ ስትመለስ ሌላ ልጅ ይዛ መጣች። ጠያቂ ይመጣል፣ ሁሉም ወደ አልጋው ያጎነብሳል፣ ስጦታው የሷ ነው። ገንፎ እየበላ ያለው ዘመድ ሳቅ እያለ «ከእንግዲህ እናትህ የሷ ናት» ይለዋል። ለእኛ ቀልድ ነው። ለሱ ዜና ነው። መሽናቱም እዚህ ላይ ነው የሚገባው፤ ትንሿ የምትሸና ሁሉ ታቅፋ ትቀየራለች፣ እሱ ፖፖ ላይ ለብቻው ተጎልቶ ይቀራል፣ ስለዚህ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጡጦ ይጠይቃል፣ እዘይኝ ይላል። እዘይው! ለሁለት ሳምንት የታዘለ ልጅ ሕፃን ሆኖ አይቀርም። ዳይፐርም ከፈለግሽ መልሺለት፣ አትዝለፊው፣ «አንተ እኮ ትልቅ ነህ» አትበይው። ትልቅነቱ ለጊዜው ያስከፈለው እንጂ የጠቀመው ነገር የለም።

የሚሠራው ነገር ቀላል ነው፣ ግን በየቀኑ መሆን አለበት። ሕፃኗ ስትተኛ አሥራ አምስት ደቂቃ የሱ ብቻ ይሁን። ስልኩ ሌላ ክፍል፣ በሩ ገርበብ። ምን እንደምትጫወቱ እሱ ይምረጥ፣ አንቺ ተከተይው። ክዳንና ድስት ቢሆን ክዳንና ድስት። ስሟንም አውጪላት፤ «የእማና የማሙ ሰዓት» በያት። ማልቀስ ሲጀምርና መስጠት ሳትችዪ ስትቀሪ «አሁን ጡት እየሰጠሁ ነው፣ ከዚያ የእማና የማሙ ሰዓት ይመጣል» ትይዋለሽ፤ በቃልሽ ከተገኘሽ መጠበቅን ይለምዳል። አልፎ አልፎ ደግሞ ሕፃኗንም በሱ ፊት አስጠብቂያት፤ «ቆይ የኔ ቆንጆ፣ መጀመሪያ ለማሙ ውሃ ልስጠው» በያት። እሷ አይገባትም፣ እሱ ግን ይሰማል።

ስልኩ ላይ ከባለቤትሽ ጋር እንዳትጣሉ። ሰውዬው ደክሞት ገብቶ ቤቱ ጸጥ እንዲል ፈልጎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ለሁለት ዓመት ልጅ ስክሪን በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል፤ ከዚያ በታች ላሉት ጭራሽ አይመክርም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሰዓቱ ብቻ አይደለም፣ የሚሰጥበት ጊዜ ነው። በተናደደ ቁጥር ስልክ ከተሰጠው ንዴት ማለት ስልክ የሚመጣበት ሰዓት ይሆናል፣ በሰው መረጋጋትንም አይለምድም። ሌላው ደግሞ ቋንቋው ነው። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ እስከ ሃያ በእንግሊዝኛ የሚቆጥር፣ ቀለማቱን በሙሉ በእንግሊዝኛ የሚጠራ፣ ነገር ግን ሲጠማው «ውሃ ስጪኝ» ማለት የማይችል ልጅ ማየት ብርቅ አይደለም። ቤተሰቡ ይኮራበታል፣ እንግዳ ሲመጣ ያስቆጥረዋል። እኔ ስሰማ እደነግጣለሁ። ካርቱን ያወራል እንጂ አይሰማም፤ ልጁ ቢመልስለት ባይመልስለት ጉዳዩ አይደለም። ቋንቋ የሚያድገው ግን በምልልስ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስን።

የአሜሪካው የበሽታ ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2022 ባሻሻለው መመዘኛ፣ ከመቶ ልጆች ቢያንስ 75ቱ በሁለት ዓመታቸው ሁለት ቃል ያገናኛሉ፤ በሁለት ዓመት ተኩል ደግሞ ወደ 50 ቃል ይኖራቸዋል፣ ከሚያገናኟቸውም ቃላት አንዱ ድርጊት ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለኝ። ይህ መመዘኛ የተሠራው እንግሊዝኛ ለሚናገሩ ልጆች ነው። አማርኛ ብዙ ነገር አንድ ቃል ውስጥ ያጭቃል፤ «አልፈልግም» ያለ ልጅ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናግሯል። ስለዚህ ቃላቱን ብቻ አትቁጠሪ፣ ግሱን ይለዋውጠዋል ወይ? ላንቺ «ስጪኝ»፣ ለአባቱ «ስጠኝ»፣ ስላለፈው «ሰጠኝ» እያለ ከሆነ ከምታስቢው በላይ ሄዷል። «ማማ»፣ «ውሃ»፣ «ኳስ» እያለ ስሞች ብቻ ላይ ከቆመ ግን ዘግይቷል፤ እኔ የምጠረጥረውም ይህንን ነው።

«ወንድ ልጅ ይዘገያል» የሚለው ትንሽ እውነት አለበት፤ ወንዶች በአማካይ ጥቂት ወደ ኋላ ይላሉ። የወራት ነገር ነው ግን፣ የዓመት አይደለም። አባቱ ዘግይቶ መናገሩም እንዲያውም የበለጠ ለማየት ምክንያት ነው፣ የንግግር መዘግየት በዘር ይመጣልና። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ያለ ምንም እገዛ ይደርሱበታል። ችግሩ የትኛው ልጅ እንደሚደርስበት ዛሬ ላይ ሆኖ መለየት አለመቻሉ ነው። ከታየና ምንም ካልተገኘ የጠፋው አንድ የምርመራ ቀን ነው። ሳይታይ ቆይቶ ችግር ካለበት ግን ሁለት ዓመት ይባክናል።

የመጀመሪያው ምርመራ ጆሮ ነው። እኛ አገር ሕፃናት ሲወለዱ መስማት አለመስማታቸው በመደበኛነት አይታይም። በዚያ ላይ የጆሮ ኢንፌክሽን ብዙ ነው፤ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ልጁ በደፈናው ይሰማል፣ ሲጮኹበት ይዞራል፣ ዝቅ ብለው ሲያወሩ ግን ቃሉ አይለይለትም። «አይ፣ ይሰማል፣ የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ይሮጣል እኮ» ይሉኛል ወላጆች። የብስኩቱ ድምፅና የሰው ንግግር አንድ አይደለም። ጆሮው መግል ይዞ ያውቃል? ሲተኛ ያንኮራፋል? አፉን ከፍቶ ነው የሚተነፍሰው? እነዚህን ለጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሙ ንገሪው።

ከጆሮው ሌላ ደግሞ አንቺ ቤት ውስጥ የምታዪው አለ። ከጀርባው ሆነሽ በስሙ ስትጠሪው ይዞራል? የገረመውን ነገር፣ ለምሳሌ አውሮፕላን፣ በጣቱ እየጠቆመ አንቺም እንድታዪለት ዓይንሽን ይፈልጋል? ባዶ ሲኒ አንስቶ የጠጣ ይመስላል፣ አሻንጉሊት ያበላል? «ጫማህን አምጣ» ሲባል በእጅሽ ሳትጠቁሚለት ይገባዋል? እነዚህን ሁሉ የሚያደርግ ከሆነ ልቤ ያርፋል፤ የዘገየው አፉ ነው። አብዛኞቹን የማያደርግ ከሆነ ወይም ቀድሞ የሚላቸውን ቃላት መልሶ ከጣለ ግን የኦቲዝም ምርመራም መደረግ አለበት፣ እሱም ቶሎ። ቃሉ አያስደንግጥሽ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው ትምህርት ቤት አጥተው እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ እንዲህ ያለ ልጅ ከሰው ዓይን የሚደበቅ ነበር። ዛሬ ቢያንስ የሚኬድበት አለ፤ አዲስ አበባ ላይ የካቲት 12 እና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የልጆች የአእምሮ ጤና ክሊኒክ አላቸው። የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ግን ጥቂት ናቸው፣ ወረፋ አለ፤ ለዚህ ነው ዛሬ ነገ አትበይ የምልሽ።

ምላሱ ታስሮ ነው፣ ይቆረጥ የሚልሽ ሰው ይመጣል፤ እንጥል ይቆረጥ የሚልም አይጠፋም። አትስሚያቸው። እንጥልና ንግግር ምንም አያገናኛቸውም፣ ቆረጣው ግን ደም በማፍሰስና በኢንፌክሽን ልጅ ይገድላል። ቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ ከሰማም ያ አያዘገየውም፤ አንዱን እንድታቆሙ ቢመክሯችሁ አትቀበሉ።

ወረፋውን እየጠበቅሽ ቤት ውስጥ የምትሠሪው ብዙ ነው፣ አሻንጉሊትም አይጠይቅም። ሽንኩርት ስትልጪ አጠገብሽ አስቀምጪው። «ሽንኩርት። ላጥኩት። ኡፍ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ!» በዚህ መጠን አውሪው፤ አጭር፣ ከሚያየው ነገር ጋር የተያያዘ። እሱ «ሽንኩርት» ሲል አንቺ አንድ ቃል ጨምሪበት፤ «አዎ፣ ትልቅ ሽንኩርት።» ተሳስቶ ቢጠራው አታርሚው፣ በትክክል ድገሚለትና እለፊ። «እስቲ ውሃ በል፣ በል ውሃ» የሚባለውን ነገር ጨርሶ ተዪው፤ ልጅ ፈተና ላይ ሲቀመጥ አፉን ይዘጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠብቂው። እኛ ጠይቀን ራሳችን እንመልሳለን። ውሃውን ይዘሽ «ምን ልስጥህ?» በይና በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ፣ ዓይኑን እያየሽ። መጀመሪያ ላይ አሥሩ ይረዝማል። ሰባት ላይ የሚወጣው ድምፅ «ው» ብቻ ቢሆንም ውሃውን ስጪው፤ ተናግሯል።

እዚህ ላይ ነው እናትሽን የምፈልጋት። ከእሷ የተሻለ የንግግር አሠልጣኝ የለሽም። «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» የሚል ሰው ትጠብቃለች፤ ይሄ ነው ምልልስ ማለት። መጀመሪያ ራሷ ትመልሰው፣ ከዚያ «የላም…» ብላ ትቁም፣ «በረት»ን እሱ ይሙላት። እየደጋገመች፣ አንዱኑ ተረት፣ ሳትሰለች። አያቶች ይህን ትዕግሥት ይዘውት ነው የተፈጠሩት። ከቁንጥጫው ይልቅ ይህን ስትጠይቂያት ደስ የሚላት ይመስለኛል።

ሥራ መመለሱን በተመለከተ። በአዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ያለሽ ፈቃድ 90 የሥራ ቀን ነው፣ ለአባት ደግሞ ሦስት ቀን። ሦስት ቀን! ሕጉን አሁን መለወጥ አንችልም፣ አወጣጥሽን ግን እንችላለን። ብዙ እናቶች ልጁ እንዳያለቅስ ተደብቀው ይወጣሉ። ያን ቀን አያለቅስም፣ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሽንት ቤት ስትሄጂም ይከተልሻል፣ መቼ እንደምትጠፊ አያውቅምና። ተሰናብተሽ ውጪ። «እማ ሥራ ሄዳ ከመክሰስ በኋላ ትመጣለች» በይ፣ ሳሚው፣ ሂጂ። ያለቅሳል። ይልቀስ፤ ስትመለሺ ያይሻል። ሁለቱን ሳምንት ለልምምድ ተጠቀሚባቸው። መጀመሪያ ለሃያ ደቂቃ፣ ቀጥሎ ለሰዓት፣ ቀጥሎ ለግማሽ ቀን ውጪ። ማታ ማታ ደግሞ አኩኩሉ ተጫወቱ፤ «አኩኩሉ!» «አልነጋም!» መደበቅና መገኘት ነው ጨዋታው፣ ያውም እየተመላለሱ የሚናገሩበት። ለልጅሽ አሁን ከዚህ የሚሻል አላውቅለትም።

የምትይዘው ሞግዚት አንድ ሰው ትሁን፣ በየወሩ የምትቀያየር አትሁን። አብዛኛዎቹ ራሳቸው ገና ልጆች ናቸው፣ ከክፍለ አገር የመጡ፣ ቤተሰብ የናፈቃቸው። ክብርና ደመወዟን በአግባቡ ስጫት፣ ስልክ እንዳትሰጠው ብቻ ሳይሆን በምን እንደምታጫውተው አሳያት። ወደ ማቆያ የምታስገቢው ከሆነ ደግሞ እጅ እንደማያነሱበት ጠይቂ፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል፣ መጠየቅ መብትሽ ነው። ማታ ስትገቢ የመጀመሪያዋን አሥር ደቂቃ ለልጆቹ ስጪ፣ ቦርሳሽን ሳትከፍቺ፣ ድስቱን ሳታዪ።

ስለ ራስሽ አንድ መስመር ነው የጻፍሽው፤ አብሬው አለቅሳለሁ ብለሽ። ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እናቶች ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸውን ድርቅ አድርገው ሕፃናቸውን እንዲያዩ አድርጎ ነበር። ሕፃናቱ ይስቃሉ፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ መልስ ሲያጡ ይረበሻሉ። ሁሉም የሚያወራው ይህንን ነው። እኔ የምወደው ግን ሌላውን ግኝቱን ነው፤ ደህና በሚባሉት እናቶችና ልጆች መካከል እንኳ ከሚግባቡበት ሰዓት የማይግባቡበት ይበልጣል፣ ልጁን የሚያሳድገው መልሶ መታረቁ ነው። ስለዚህ ጮኸሽበት ከሆነ ተመልሰሽ «እማ ጮኸች፣ ይቅርታ» በይው። የአንቺ ለቅሶ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ሕፃኗ ተኝታም እንቅልፍ እንቢ ካለሽ፣ ምንም ነገር ደስ ካላሰኘሽ፣ ይህ ድካም ብቻ አይደለም፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የድባቴ ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ይታከማል። ራስሽን ወይም ልጆቹን ስለ መጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኑ ዕለት ለባለቤትሽ ነግረሽ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ሥራ ከመግባትሽ በፊት የሕፃናት ሐኪም ቀጠሮ ያዢ፤ የደም ምርመራውን እዚያው ትጨርሻለሽ፣ ወደ ጆሮ ሐኪሙም ከዚያው ይጽፉልሻል። እስከዚያ ድረስ ቃላቱን በሙሉ በደብተር ጻፊ፣ «ሚያው»ም «እምቢ»ም ይቆጠራሉ። ሐኪም ፊት አፉን ላይከፍት ስለሚችል በስልክሽ ሁለት አጭር ቪዲዮ ቅረጪ፤ አንዱ ከአያቱ ጋር ሲጫወት፣ ሌላው እልህ ሲይዘው። የሚቀርጸው አባቱ ይሁን፣ አንቺ ልጁ አጠገብ ሁኚ። የክትባት ካርዱንም አትርሺ።